ግዕዝ የሚሰማ አባት፣ አማርኛ የጠየቀች ልጅ

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? 31 ዓመቴ ነው። ያደግኩት በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። አሁን ወጣቱን ወክዬ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ አለሁ። የእሑድ ቅዳሴያችን አብዛኛው በግዕዝ ነው። ወጣቱ ውጪ ቆሞ ስልኩን ይነካካና ስብከት ሲጀመር ይገባል። ስለዚህ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በወር ሁለት እሑድ ቅዳሴው ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ይሁን የሚል ደብዳቤ አዘጋጀን። የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በማይገባን ቋንቋ መጸለይ ጸሎት አይደለም» የሚል መስመር አለው።

ደብዳቤው በስብሰባ ሲነበብ አባቴ እዚያው ተቀምጦ ነበር። አባቴ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። በኋላ ሌላ ሥራ ያዘ እንጂ ቅዳሴውን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያውቀዋል። በስብሰባው ላይ ምንም አልተናገረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የሚያስቀድሰው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነው። ቤት ውስጥም «ደህና ዋልሽ» ብቻ ሆነናል። የአጥቢያው ሰው ደግሞ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «መናፍቃን» ይለናል፤ የኛ ልጆች «ሙዚየም ጠባቂዎች» እያሉ ይመልሳሉ። አንዱ ጓደኛችን እንዲያውም ሊቀመንበሩን «እርስዎ» እያልን እግዚአብሔርን «አንተ» ማለታችንም ይስተካከል ብሎ ሌላ ጭቅጭቅ ጨመረ። ተሳስቻለሁ? ደብዳቤውን ልሳበው?

ሁለት ልብ የሆንኩ

መልስ፦

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አማርኛ ቅዳሴ መጠየቅሽ አላስደነገጠኝም። ያቺ አንዲት መስመር ግን ቁጭ አደረገችኝ። «ጸሎት አይደለም» ያልሽባት።

እስቲ በአባትሽ ቦታ ሆነሽ ስሚያት። በልጅነታቸው ቁራሽ እየለመኑ፣ ውሻ እየተከላከሉ የተማሩት ነው ይሄ ግዕዝ። ኑሮ ወደ ሌላ ሥራ ቢወስዳቸውም ቃሉ አልተለያቸውም። እሑድ ቆመው ካህኑ አንዱን ሐረግ ሳይጨርስ እሳቸው በልባቸው ቀድመው ይጨርሱታል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ የገዛ ልጃቸው የጻፈችው ወረቀት ይነበባል። አንቺ «የማይገባን» ስትይ የምታወሪው ስለ ራስሽና ስለ ጓደኞችሽ ነው። አውቃለሁ። እሳቸውም ሳይገባቸው አይቀርም። ቢሆንም ያማል።

ደግሞ ያቺ መስመር ከአባትሽ ይልቅ የምትጎዳው ሌላ ሰው አለ። አባትሽ እኮ ግዕዝ ይሰማሉ። ከሴቶች በኩል ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙት እናቶችስ?

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። በሰሞነ ሕማማት ከጎኗ ሆኜ ስሰግድ «ኪርያላይሶን እብኖዲ ናይን» ስትል እሰማታለሁ። አንድ ቀን «እማማ፣ እብኖዲ ማለት ምንድን ነው?» አልኳት። ቀና እንኳን ሳትል «እሱ ያውቀዋል፤ አንተ ስገድ» አለችኝ። ጎረምሳ ከሆንኩ በኋላ አንድ የቅኔ መምህር አስረዱኝ። «ኪርያላይሶን» ግሪክ ነው፤ አቤቱ ማረን ማለት ነው። «እብኖዲ» የግብፅ ክርስቲያኖች ቋንቋ ነው፣ ቅብጥ፤ አምላክ ማለት ነው። «ናይን»ም ከዚያው የመጣ ነው፤ ማረን። ቀጥሎ የሚመጣው «ታኦስ» እንደገና ወደ ግሪክ ይመልሰናል። ልብ በይ፣ አንዱም ግዕዝ አይደለም። አያቴ ግንባሯ መሬት እስኪነካ እየሰገደች የምትለው፣ ፊደል የማታውቅ ሴት፣ በሦስተኛና በአራተኛ ሰው ቋንቋ ነበር። እሱ ጸሎት አልነበረም እንድላት ነው? እኔ አልደፍርም።

ግን ቆይ። ይህን ስል ለአባትሽ ወገን ፈርጄ መጨረሴ እንዳይመስልሽ።

አያቴ ቃሉ ባይገባት ዙሪያው ይገባት ነበር። ጾሙን ታውቀዋለች፤ የቀኑን ታሪክ ከእናቷ ሰምታለች፤ ካህኑ ወዴት ዞሮ ምን እንደሚያደርግ፣ መቼ መንበርከክ፣ መቼ ቀና ማለት እንዳለባት ማንም አይነግራትም። ያ ሁሉ ተደርቦ የማይገባትን ቃል ተሸከመላት። በር ላይ ስልኩን የሚነካካው ልጅ ግን ዙሪያውም የለውም። የደረሰው ድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ የናንተ ጥያቄ የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። «ድሮም ሳይገባን ነው የጸለይነው፣ እነሱም ይልመዱ» የሚሉሽ ሰዎች እነሱ ያደጉበት ዙሪያ እንደሌለ ዘንግተውታል።

እንዲያውም አንድ ነገር ላስታጥቅሽ። ቅዱሳት መጻሕፍት በአክሱም ዘመን፣ በአብዛኛው ከግሪክ፣ ወደ ግዕዝ ሲመለሱ ግዕዝ የሕዝቡ መነጋገሪያ ነበር። እናት ልጇን የምትቆጣበት፣ ነጋዴ የሚከራከርበት ቋንቋ። ተርጓሚዎቹ «ግሪኩ ይበቃል፣ ሕዝቡ ይልመደው» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ቅዱስ ያሬድም በ6ኛው ክፍለ ዘመን ያን ዜማ ሲደርስ የደረሰው ሰው በሚሰማው ቋንቋ ነው። ኋላ የሕዝቡ አፍ ሲለወጥ ደግሞ አንድምታ መጣ። ንባቡ ግዕዝ፣ ትርጓሜው አማርኛ። አባትሽ መጽሐፍ ቤት፣ ትርጓሜ የሚማሩበት ጉባኤ፣ ደርሰው ከሆነ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ስብከቱ አማርኛ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ነው። አንቺ ያደግሽበት የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር አማርኛ ነው። የታተመው መጽሐፈ ቅዳሴም ግዕዙንና አማርኛውን ጎን ለጎን ይዟል። ስለዚህ «መናፍቃን» የሚለውን ስም የለጠፉባችሁ ሰዎች አስቀዳሾቹ በእጃቸው የያዙትን መጽሐፍ ገለጥ አድርገው ይዩት።

ተርጓሚዎቹ ግን ሁሉንም አልተረጎሙም። «አሜን»ን፣ «ሃሌ ሉያ»ን፣ «ሆሳዕና»ን እንዳሉ ተዉአቸው። የሚተረጎመውንና የሚቀመጠውን መረጡ። እናንተ ደብዳቤ ውስጥ የጎደለብኝ ይሄ መምረጡ ነው።

ምክንያቱም መተርጎም ራሱ እንደምታስቢው ቀላል አይደለም። ቅዳሴ ማርያም እንዴት እንደሚጀምር ታውቂያለሽ፦ «ጐሥዐ ልብየ ቃለ ሠናየ»። ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ነው። «ጐሥዐ»ን ቃል በቃል ካየሽው የኛው «አገሳ» ነው። ልቤ መልካም ቃል አገሳ። የግሪኩ ዳዊትም እንዲሁ ነው የሚለው። ሆድ ሲሞላ ሳይፈልጉት እንደሚወጣው፣ ልብ ሲሞላ የሚወጣ ቃል። አሁን በአማርኛ ቅዳሴ «ልቤ አገሳ» ቢባል ግማሹ ሰው ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ይስቃል። ስለዚህ አንዱ «አወጣ» ይላል፣ ሌላው «አፈለቀ» ይላል። ደህና ቃላት ናቸው። ያ ሞልቶ የመፍሰሱ ነገር ግን ቀዝቅዟል።

«አባታችን ሆይ»ንም ተመልከቺ። በየቀኑ «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» እንላለን። እንዲህ ዓይነት አማርኛ ሌላ የት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? በአማርኛ ደንብ «በሰማያት የምትኖር አባታችን ሆይ» ነው መሆን ያለበት፤ የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስም በዚህ መልክ አስተካክሎታል። የምንጸልየው ግን «አቡነ ዘበሰማያት» ያለውን የግዕዙን አካሄድ ተከትለን ነው። «አቤቱ» የሚለውንም ቃል ከጸሎት ውጪ ለማን ብለነው እናውቃለን? እንግዲህ አማርኛ ነው የምንለው የጸሎት ቋንቋችን ራሱ ግማሽ ልቡ ግዕዝ ነው። ማንም ግን ተቃውሞ አያውቅም፤ ከእናታችን ጉያ ስለተማርነው። ጓደኞችሽ «ሙሉ በሙሉ አማርኛ» ሲሉ የትኛውን አማርኛ ማለታቸው እንደሆነ ጠይቂያቸው። በቴሌግራም የሚጻጻፉበትን ከሆነ ጉድ ፈላ።

የዜማውም ነገር አለ። ግዕዝ ብዙ ጊዜ ግሱን ያስቀድማል፤ «ይትቀደስ ስምከ»። አማርኛ ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ «ስምህ ይቀደስ»። ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ቀድሞ የነበረው ቃል ተነስቶ ሌላ ቃል ይቀመጣል። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት እንደመልበስ ነው። አንዳንድ ካህን በሥራው ብዛት አለማምዶት፣ እጅጌውን አሳጥሮ፣ አሳምሮ ይለብሰዋል። እንዲህ ያለ አማርኛ ቅዳሴ ሰምቼ አልቅሼ አውቃለሁ። ያልተለማመደ ካህን ደግሞ ዜማውን ጥሎ ማንበብ ይጀምራል፤ ያኔ አንቺም ሰዓትሽን ታያለሽ። እናንተ ጋ አማርኛውን በዜማ የሚችል ካህን አለ? ደብዳቤው ላይ ስለዚህ አንድም ቃል አላየሁም።

ይህ ጠብ የኛ ብቻ አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ቄርሎስና መቶድዮስ የሚባሉ ወንድማማቾች ለስላቭ ሕዝቦች በራሳቸው ቋንቋ ቅዳሴ አዘጋጁ። ቬኒስ ላይ ካህናት ተነሱባቸው። እግዚአብሔር የሚመሰገነው በዕብራይስጥ፣ በግሪክና በላቲን ብቻ ነው አሏቸው። የወንድማማቾቹ ሥራ ግን ጸንቶ ቀረ። አሁን የሚያስቀው ነገር ምን መሰለሽ? ያ ሕዝቡ እንዲሰማው ተብሎ የተዘጋጀ ቋንቋ አርጅቶ፣ ዛሬ ሩሲያ ውስጥ ምእመኑ በደንብ የማይሰማው የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ሆኗል። ይተርጎም አይተርጎም እያሉ እነሱም ይጨቃጨቃሉ። እዚያው ሩሲያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1650ዎቹ ፓትርያርክ ኒኮን መጻሕፍቱ ከግሪኩ ጋር ይስተካከሉ ብለው ትእዛዝ ሰጡ። ቋንቋው ሳይለወጥ እርማት ብቻ! ከእርማቶቹ አንዱ «ኢየሱስ» በሚለው ስም ላይ አንድ ፊደል መጨመር ነበር። ሌላው በሁለት ጣት ማማተብ ቀርቶ በሦስት ይሁን የሚል ነው። አንዲት ፊደልና አንዲት ጣት። ሕዝቡ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ የተቃጠለም ተቃጠለ፣ የተሰደደም ተሰደደ። ዛሬም ድረስ በአሮጌው ሥርዓት የቀሩ አሉ። አቴንስ ላይም እ.ኤ.አ. በ1901 ወንጌል በተራ ሰው ግሪክ ጋዜጣ ላይ ወጣ ተብሎ አመፅ ተነስቶ 8 ሰው ሞቷል።

የሩሲያውን ሳነብ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ አለ። እርማቱ ትክክል ነበር አልነበረም የሊቃውንት ሥራ ነው። ለዚያ ገበሬ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳውም። አባቱ ያማተበበት ጣት ስህተት ነው ተብሎ በትእዛዝ ተነገረው፣ በቃ። እናንተ ስብሰባ ላይ የሆነውም በትንሹ ይኸው ነው።

ስለ «አንተ»ና «እርስዎ» አጭር ነገር ልበል። ጓደኛሽን ተው በይው። የኛ ጸሎት «አንተ»ን የያዘው ከግዕዝ ነው። ግዕዝ አንቱታ የለውም፤ ንጉሡም እረኛውም «አንተ» ናቸው። ፈረንሳዮች እንኳን ለረጅም ዘመን በ«አባታችን ሆይ» ጸሎት እግዚአብሔርን እንደኛ «እርስዎ» ባለ አጠራር ሲጠሩት ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ «አንተ» ነው የመጡት። እኛ ቀድመን የደረስንበትን ትተን ወደ ኋላ ልንሄድ ነው?

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ደብዳቤውን አትሳቢው። ያቺን መስመር ግን አውጪያት። በስውር ሰርዘሽ አዲስ ቅጂ እንዳታስገቢ። እዚያው ስብሰባ ላይ ተነስተሽ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አጻጻፌ ጥሩ አልነበረም፣ አውጥቼዋለሁ» በይ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጓደኞችሽ «ተሸነፍሽ» ይሉሻል። ይበሉ።

«በወር ሁለት እሑድ» የምትለዋንም ባታስገቢ እመርጣለሁ። ምን እንደሚሆን ይታየኛል። የግዕዙ እሑድ ሽማግሌው ይመጣል፣ የአማርኛው እሑድ ወጣቱ። ዓመት ሳይሞላ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት አጥቢያ ትሆናላችሁ። ይልቅ በየእሑዱ ምን በምን ይሁን የሚለውን ጠይቁ። ምንባባቱ በአማርኛ ይነበቡ፤ ሰው ሊማርበት የሚነበብ ነገር ካልተሰማ ምን ይጠቅማል? በብዙ አጥቢያ እንዲህ ነው፤ የናንተ ካልሆነ ከዚህ ጀምሩ። ካህኑ ብቻውን ከሚጸልያቸው ረጃጅሞቹ ጸሎቶች አንዳንዱ፣ በዜማ የሚችለው ካለ፣ በአማርኛ ይሁን።

ተሰጥኦውን ግን አትንኩ። «ይ.ሕ.» (ይበል ሕዝብ) የተባለበትን፣ ሕዝቡ ለካህኑ የሚመልሰውን ማለቴ ነው። «እግዚኦ ተሣሃለነ»፣ «ምስለ መንፈስከ»፣ «ርቱዕ ይደሉ»፣ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»። ስንት ቃል ነው ይሄ? ትርጉሙን ጨምሮ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ካቶሊኮች ቅዳሴው ከላቲን ሲመለስ «ምስለ መንፈስከ» የምንለውን ቀለል አድርገው «ከአንተም ጋር» ወደሚል መለሱት። አርባ ዓመት ያህል እንዲያ ሲሉ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2011 «ከመንፈስህ ጋር» ወደሚለው ተመለሱ። አርባ ዓመት የለመደ ምላስ እንደገና መታጠፍ ነበረበት። አጭሯን ነገር ማቅለል አንዳንዴ እንዲህ ያስከፍላል።

ከቅዳሴ በፊት ባለው ቀን፣ ወይም ከስብከቱ ሰዓት ቀንሳችሁ፣ ቅዳሴውን የሚያስተምር ሰው አቁሙ። ሰበካ ጉባኤ በድምፅ ብልጫ የሚወስነው ነገርም አይደለም፤ አስተዳዳሪውን ቀድማችሁ ሳታማክሩ ወረቀት አታንብቡ። «ሙዚየም ጠባቂ» የሚለውን ስድብ ደግሞ መጀመሪያ የምታስቆሙት እናንተ ሁኑ። «መናፍቅ» መባል እንደሚያም አውቃለሁ፤ ይብሳልም። ግን በራስሽ ሰፈር ያለው አፍ ነው በእጅሽ ያለው።

አባትሽስ? ሽማግሌ አትላኪ። ይህ የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም። ራስሽ ሂጂ፣ ጉልበታቸውን ስመሽ ይቅርታ በያቸው፤ ስለ አማርኛው ሳይሆን ስለዚያች መስመር። አማርኛ መፈለግሽን እንዳትደብቂ። ያሳደጉሽ ሰው ናቸው፣ የማባበል ይቅርታ ከሆነ ከደጃፉ ያውቁብሻል። ዝም ካሉሽም ዝም ይበሉ፤ ሦስት ሳምንት አምስት ሳምንት ይሁን፣ ያስቀድሱበት ወደነበረው ቦታ በግድ አትጎትቻቸው። አንድ እሑድ አንቺ እሳቸው ወደሚሄዱበት ሄደሽ ከኋላ ቁሚ።

ከዚያ ቀን ሲመቻቸው «ጐሥዐ»ን ይዘሽላቸው ግቢ። «አባዬ፣ ይህን አንተ በአማርኛ ምን ትለው ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የሚሰጡሽን መልስ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። እኔ እስካሁን ደህና ቃል አላገኘሁለትም።